የሰው አገር ሰማይም በር አለው



ከመስጂዳችን ወጣቶች ሰሞኑን የሚደጋገምብኝ ጥያቄ የውዱእም የሶላትም አይደለም። «ኡስታዝ፣ ለዑምራ ስሄድ ድሮን ብይዝ ችግር አለው?» የሚል ነው። ዱባይ ለንግድ የሚመላለሰው ይጠይቃል፤ ለትምህርት ካይሮ የሚሄደው ይጠይቃል፤ ውጭ አገር ያለ ወንድሙ «ላምጣልህ ወይ?» ያለውም ይጠይቃል። ለጉምሩክ ሠራተኛ የሚቀርብ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ልጆቹ ወደ ኢማም ረዳት የሚመጡት «ያስይዛል ወይ?» ለማለት ብቻ አይደለም፤ «ወንጀል አለው ወይ?» ለማለት ነው። በእኛ በሙስሊሞች አነጋገር ወንጀል ማለት አላህ ዘንድ የሚያስጠይቅ ነው፤ በፖሊስ አነጋገር ደግሞ ፍርድ ቤት የሚያቆም ነው። በዚህ ጉዳይ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተያይዘው ይመጣሉ። ለዚህ ነው ሰፋ አድርጌ የምጽፈው።

ከመድረሳ የወጣ ሰው ስለ ድሮን ምን ያውቃል ትሉ ይሆናል። ያስተማረኝ የእህቴ ልጅ ነው። ጀርመን ፍራንክፈርት አካባቢ ያለ የሐበሻ ጀማዓ ለረመዷን ተራዊሕ እንዳሰግድ ጠርቶኝ ወሩን ሙሉ እህቴ ቤት ሰነበትኩ። ልጇ 19 ዓመቱ ነው። እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛው ግን የእናቱ የወሎ አማርኛ ነው። መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየጫነ ባጠራቀማት ገንዘብ ዲጄአይ ሚኒ የሚባለውን ድሮን ገዝቷል። ሲታጠፍ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ክብደቱ 249 ግራም ነው፤ ሩብ ኪሎ ቡና አንድ ግራም ቢጎድለው ማለት ነው።

ያቺ አንድ ግራም በአጋጣሚ አልጎደለችም። ብዙ አገሮች በድሮን ደንባቸው ውስጥ 250 ግራምን መስመር አድርገዋል፤ ፋብሪካውም ከመስመሩ በታች እንዲሆን አስቦ ሠራው። አሜሪካ ውስጥ ለመዝናኛ ብቻ የሚበር ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን ምዝገባ አያስፈልገውም። ከዚህ ተነስቶ «ከ250 በታች ከሆነ ሕግ አይነካውም» የሚል ወሬ በየቪዲዮው ተሰራጨ፤ ወጣቶቻችን ጆሮም ደረሰ። ውሸት ነው። አሜሪካም ብትሆን ምዝገባውን ተወች እንጂ የከፍታውን ገደብ፣ የአውሮፕላን ማረፊያውን ክልል፣ አጭሩን የደኅንነት ፈተና አልተወችም።

የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጋራ ደንቡ፣ አሻንጉሊት ተብሎ የተሠራ ካልሆነ በቀር ካሜራ ያለው ድሮን ባለቤት የድሮኑ ክብደት የፈለገውን ያህል ቢያንስ ይመዝገብ ይላል። ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የሚፈራው ክብደቱን ብቻ አይደለም፤ ዐይኑንም ነው። የእህቴ ልጅ ከጀርመን የፌዴራል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት የተሰጠውን ቁጥር ድሮኑ ላይ ለጥፎታል። መድንም ገብቷል፤ ጀርመን ውስጥ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት መድን ሳይገቡ ድሮን ማንሳት አይፈቀድም። በአንድ የኅብረቱ አገር የተመዘገበ ሰው በሌሎቹም በዚያው ቁጥር ይሠራል። ከእኛ አገር ይዞ የሚሄድ እንግዳ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በሚያበርበት የኅብረቱ አገር ይመዘገባል። ከፍታው ከመሬት 120 ሜትር አያልፍም። ድሮኑ ከዐይን መራቅ የለበትም። ጀርመን ውስጥ ከአውሮፕላን ማረፊያ አጥር ቢያንስ 1.5 ኪሎ ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ ከትልልቅ ማረፊያዎች አጠገብ ከዚህም የጠበቀ ነው። ልጁ ከቤት ከመውጣቱ በፊት የመንግሥትን የድሮን ካርታ በስልኩ ይከፍታል። እኔ የሶላት ሰዓት እንደማየው ነው የሚያየው።

«ይቺ ትንሽ ነገር ማንን ትጎዳለች?» ለሚል አንድ ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሎስ አንጀለስ በእሳት ስትነድ፣ ውኃ እየቀዳ እሳቱ ላይ የሚያፈስ ከካናዳ የመጣ አውሮፕላን ነበር። ቃጠሎውን ለመቅረጽ አንድ ሰው ያስነሳው ትንሽ ድሮን ከክንፉ ጋር ተጋጨ። ክንፉ ላይ 3 በ6 ኢንች የሚያህል ቀዳዳ ከፈተ፤ አውሮፕላኑም ለቀናት ከሥራ ወጣ። በዚያ ሰዓት በዚያ ከተማ ውኃ የሚረጭ አውሮፕላን አንድ መጉደል ምን ማለት እንደሆነ ቤቱ የተቃጠለበት ያውቀዋል። ሰውየው ማንንም ለመጉዳት አላሰበም ነበር፤ ለማየት ፈልጎ ነው።

አሁን ወደ ዒዱ ልምጣ። ጀማዓው የራሱ መስጂድ የለውም። አዳራሽ እየተከራየ ነው የሚሰግደው። ሕንፃ ለመግዛት ገንዘብ እያሰባሰቡ ነው። ሽማግሌዎቹ የዒድ ሶላቱ ከሰማይ ተቀርጾ፣ ሶፉ ሜዳውን ሞልቶ ቢታይ፣ ለባለሀብቶች ሲላክ ብዙ እንደሚያስገኝ አሰቡ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ልጁን ጠየቁት፤ ልጁ «አይቻልም» አለ። ቅር ተሰኙ። ከመካከላቸው የሁላችንም አባት የሆኑ ሐጂ ወደ እኔ መጡና፣ «ኡስታዝ፣ የእህትህን ልጅ አንድ በለው እንጂ። ለራሳችን አይደለም፤ ለመስጂድ ነው እኮ!» አሉኝ።

«ሐጂ፣ መጀመሪያ ምክንያቱን ልስማውና ልንገርዎት» ብዬ ልጁን አስቀምጬ ጠየቅኩት። በአውሮፓው ደንብ በትንሿ ድሮን ከአላፊ አግዳሚ ሰው በላይ ማለፍ ቢፈቀድም፣ ከተሰበሰበ ሕዝብ በላይ ግን ለማንኛዋም ድሮን ክልክል ነው አለኝ። «የተሰበሰበ ሕዝብ ስንት ነው? መቶ? ሁለት መቶ?» አልኩት። ቁጥር የለውም አለኝ። መለኪያው ሰዎቹ ከመጠጋጋታቸው የተነሳ አንድ ነገር ቢወድቅባቸው ዞር ማለት የማይችሉ መሆናቸው ነው።

ይህን ስሰማ ዝም አልኩ። ይህን ደንብ የጻፉት ሰዎች ሶላት አያውቁ ይሆናል፤ የገለጹት ግን ሶፍን ነው። ትከሻ ለትከሻ፣ እግር ለእግር ገጥመን እንቆማለን። ክፍተት አትተዉ እየተባልን ነው ያደግነው። ሱጁድ የወረደ ሰው ደግሞ ወደ ላይ አያይም፤ የሚወድቀውን ነገር ድምፅ ቢሰማ እንኳ ሶላቱን አቋርጦ አይሮጥም። ከፊት አባቶች፣ ከኋላ ሕፃን ያዘሉ እናቶች አሉ። የሞተሩ ክንፍ እንደ ምላጭ ነው፤ ባትሪው ወፍ ወይም ነፋስ ቢመታው ከ50 ሜትር የሚወርድ ሩብ ኪሎ ድንጋይ ነው። ይህንኑ ለሐጂ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «እኔ ሱጁድ ላይ ሆኜ ከሆነ እንኳ መልካም ሞት ነበር» ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን «የሕፃኑ ነገር ግን አዎ» አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ። ዒዱ ከስፖርት ክበቡ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ መስኮት ተቀረጸ፤ እኔ እንደማየው ፊት ሁሉ ስለሚታይ ከሰማዩ የተሻለ ነው።

ልጁ ግን ሌላ መንገድ አገኘ። በዋዜማው ከአስር በኋላ፣ ምንጣፉና ፕላስቲኩ በሜዳው ላይ ተዘርግቶ፣ ሰው ሳይገባ፣ ባዶውን ሜዳ ላነሳው አለ። ከክበቡ በኢሜይል ፈቃድ ተቀበለ። ሜዳው በሁለት ወገን የአትክልት ቦታ ባላቸው ቤቶች ይዋሰናል። ጀርመን ውስጥ ካሜራ ባለው ድሮን ከሰው መኖሪያ ግቢ በላይ ለመብረር የባለቤቱ ይሁንታ ያስፈልጋል። ልጁ ከግቢዎቹ በላይ ሊበር አላሰበም፤ ቢሆንም በቅርብ ያሉትን ቤቶች በር አብረን አንኳኳን። አንዲት አሮጊት ደስ ብሏቸው፣ ቪዲዮውን በኋላ እንዲያሳዩአቸው ጠየቁ። ቀጥሎ ያለው ቤት ሰውዬ ግን ንግግራችንን እስኪጨርስም አልጠበቀ። «ናይን» ብሎ በሩን ዘጋ።

ልጁ ተናደደ። «አጎቴ፣ ሕጉ እኮ ከቤቱ በላይ ነው የሚከለክለኝ፤ ከጎኑ አይከለክለኝም። ጨዋነት ብዬ ነው የጠየቅኩት፤ እሱ ግን...» አለ። እውነቱን ነው፣ በጀርመን ሕግ መብት ነበረው። እኔ ግን ደረሳ ሳለን ስንቀራት የነበረችውን የሱረቱ አን-ኑርን 27ኛና 28ኛ አያ አስታወስኩት። የመጀመሪያዋ ሳታስፈቅዱና ሳትሰላመቱ የሰው ቤት አትግቡ ትላለች፤ ይቺን ሁላችንም እናውቃታለን። የምንረሳው ቀጣይዋን ነው። ባለቤቱ ተመለሱ ካላችሁ ተመለሱ፣ ይህ ለእናንተ የጠራ ነው የምትለዋን። አስተውሉ፣ አላህ ባለቤቱን ምክንያትህን ተናገር አላለውም። ፈቃድ ጠይቀን ስንከለከል ከተቆጣን መጀመሪያውኑ የጠየቅነው ፈቃድ አልነበረም፤ የጠየቅነው እሺታ ነበር።

ሐዲሱንም ነገርኩት። ሰህል ኢብኑ ሰዕድ የዘገቡት፣ ቡኻሪና ሙስሊም ያሰፈሩት ነው። አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲመለከት ነቢዩ በእጃቸው ራሳቸውን የሚያኩበት ማበጠሪያ ይዘው ነበር። የሚመለከት መሆኑን ባውቅ ኖሮ ዐይኑን በዚህ በወጋሁት ነበር አሉ፤ ማስፈቀድ የተደነገገውም ለዐይን ሲባል እንደሆነ ገለጹ። ወንድሜ፣ በዚያ ዘመን የሰው ዐይን የሚያልፈው በር ላይ ባለ ስንጥቅ ነበር። ዛሬ ዐይንህን 120 ሜትር ወደ ሰማይ ሰቅለህ የስንቱን ጓሮ፣ የስንቷን ሒጃቧን አውልቃ ልብስ የምታሰጣ እህት ማየት ትችላለህ። ዑለማዎቹ በፎቶና በቪዲዮ ብይን የሚለያዩትን ተዉት፣ እሱ ሌላ ርዕስ ነው፤ ሳያስፈቅዱ የሰው ግቢ ማየት ላይ ግን አይለያዩም።

ልጁ ወደ ሌላኛው የሜዳው ጫፍ ዞረ። ከዚያ በኩል ፀሐይዋ ካሜራው ውስጥ ትገባ ስለነበር ምስሉ ደበዘዘ። ለአሮጊቷ ያሳየው ያንኑ ነው።

በዚያ ሰሞን ከጀማዓው ወጣቶች አንዱ ያለኝን ሳልጽፍ አላልፍም፤ እዚህም ብዙዎች በልባቸው የሚይዙት ነውና። «የካፊር አገር ሕግ ምናችን ነው?» አለኝ። ቪዛ ምንድን ነው፣ ወንድሜ? የፊቅህ ኪታቦቻችን አማን የሚሉት ነው። አገሩ በሰላም ግባ ይልሃል፤ አንተም በሰላም እቀመጣለሁ ትላለህ። ሻፊዒዮቹም ሐነፊዮቹም ሐንበሊዮቹም፣ በአማን የገባ ሙስሊም ያስገቡትን ሰዎች መክዳት እንደማይፈቀድለት ጽፈዋል፤ ያን የጻፉት ስለ ጠላት አገር እንኳ ነው። የሱረቱ አል-ማኢዳ መጀመሪያም ቃል ኪዳንን ሙሉ ብላ ነው የምትከፍተው። የምታመልከውን ትተህ የማታመልከውን አድርግ የሚል ሕግ ቢመጣ ሌላ ወሬ ነው። «ከሕዝብ በላይ አታብር» የሚል ሕግ ግን ከዲንህ የቱን ይነካል?

ሰማዩን የአገሮች ያደረገውም የዛሬ ፖለቲካ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው፣ አገራችንም አባል የሆነችበት የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት፣ በመጀመሪያ አንቀጹ እያንዳንዱ አገር ከምድሩ በላይ ባለው ሰማይ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ያስቀምጣል። በ8ኛው አንቀጹ ደግሞ አብራሪ የሌለው አውሮፕላን በሌላ አገር ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ አይበርም ይላል። ዛሬ ድሮን የምንለው ነገር በኪስ ሊገባ ቀርቶ ባልታሰበበት ዘመን ነው ይህ የተጻፈው።

ከዒድ በኋላ እህቴ፣ ልጇና እኔ በጂዳ በኩል ዑምራ ልናደርግ ተነሳን። ልጁ ድሮኑን ሻንጣ ውስጥ ከቶት አየሁ። ቁጭ ብለን አብረን አጣራን። ሳዑዲ ውስጥ ያለ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ (ጋካ) ፈቃድ ድሮን ማስገባትም ማብረርም አይቻልም። ሁለቱ ሐረሞች አጠገብማ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም። የጀርመን ምዝገባው እዚያ ወረቀት ብቻ ነው። ድሮኑ ጓደኛው ዘንድ ቀረ። መካ ደርሰን ከላይኛው ፎቅ ከዕባን ስናይ ያለ ካሜራ ብዙ ጊዜ ቆመ፤ ምን እንዳሰበ አልጠየቅኩትም።

ወደ ሌሎች አገሮች ለምትሄዱ ደግሞ፦ ለትምህርት ግብፅ የምትሄዱ ከሁሉ በላይ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሕግ ቁጥር 216 ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ ድሮን ማስገባትን ብቻ ሳይሆን መያዝንና መጠቀምንም ይከለክላል፤ እስራትም አለበት። ክብደት ብሎ ነገር አያውቅም። ሞሮኮም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያለ ፈቃድ የመጣን ድሮን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ትይዛለች። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አቡ ዳቢ በድሮንና በሚሳይል ከተጠቃች በኋላ የግል በረራን በሙሉ አግዳ ነበር። ከ2024 መጨረሻ ወዲህ በደረጃ እየተከፈተ ነው፤ ግን በምዝገባና በፈቃድ። «ጓደኛዬ አምና አብርሯል» አይሠራም። ደንቦቹ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣሉ፤ ከመሄዳችሁ በፊት የዚያን አገር የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ገጽ ራሳችሁ ክፈቱ፣ ወይም ኤምባሲውን ጠይቁ።

ባትሪውን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንዳትከቱ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ከሆድ ዕቃው ክፍል የተከለከለ ነው፤ እዚያ ቢነድ የሚያጠፋው ሰው የለም። የእነዚህ ትንንሽ ድሮኖች መደበኛ ባትሪ 20 ዋት-ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳፍሩት እስከ 100 ነው፤ ስለዚህ ችግር የለውም። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኑ።

የቀረው የእኛው ቤት ነው። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት መጥቶ ሐይቅ አጠገብ ያለውን የአያቶቹን ቀዬ መቅረጽ ይፈልጋል። አገራችን ድሮን ለማስገባት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ማለትም ኢንሳን ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ያለዚያ ቦሌ ላይ ጉምሩክ ይይዘዋል። «የገዛ አገሬ ነው» ወይም «ልጇ ነኝ» ማለት ፈቃድ አይሆንም። የድሮኑን ዓይነት፣ መለያ ቁጥሩን፣ የት፣ መቼና ለምን እንደሚያበር የሚገልጽ ማመልከቻ አብረን ጽፈናል። እኔ ደግሞ አንድ መስመር አስጨምሬዋለሁ፤ ከማብረሩ በፊት ቀበሌውንና ጎረቤቱን እንደሚያሳውቅ።

ያስጨመርኩበት ምክንያት አለኝ። ልጁ የጀርመኑን ሜዳ ቪዲዮ ለእናቴ በስልክ ልኮላት ነበር። ወሎ ውስጥ ከጦርነቱ ዓመታት ወዲህ ድሮን የሚለው ቃል ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ባዶውን ሜዳና ምንጣፉን አይታ፣ «ማሻአላህ፣ እንዴት ያምራል። ማን ነው ከላይ ሆኖ ያነሳው?» አለች። ነገርኳት። ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ የሞተሩን ድምፅ አዳመጠች። «ያ የሚጮኸው ነው?» አለችኝ።

«ይኼኛው የልጅ ልጅሽ ነው፣ እማዬ፤ ሌላ አይደለም» አልኳት።

«እሱስ ይሁን። ላሞቹን ያስበረግጋል፤ እኔንም ያስበረግገኛል። እስኪ ላስብበት» አለች።

የኢንሳን መልስ እየጠበቅን ነው። የእሷንም።